ያደግሁባትን ምጽዋን መልሼ ሳያት፦ ለመሄድ ለሚያስቡ

ምጽዋ ያደጋችሁና አንድ ቀን ተመልሳችሁ ልታዩዋት የምትመኙ ከሆነ ከሁሉ በፊት የምመክራችሁ አንድ ነገር ነው፤ በደረሳችሁበት ቀን ቤታችሁን ፍለጋ አትውጡ። መጀመሪያ ባሕሩ ዳር ተቀመጡ፣ ሙቀቱን ልመዱ፣ የሰዉን አካሄድ እዩ። ቤቱን ያስቀደመ ሰው ከተማዋን አያይም። ካገኘው እንባ፣ ካላገኘው ቁጭት ዓይኑን ይይዘዋል፣ ከዚያ በኋላ የሚያየው ሁሉ የራሱ ትዝታ ብቻ ይሆናል። ይህን የምለው ከእኔ ጋር በአንድ አውሮፕላን ሄደው እንደዚያ ሆነው የተመለሱ ሰዎችን ስላየሁ ነው።

እኔ እዚያ የተወለድሁት በ1960 ዓ.ም. ነው። አባቴ ወደቡ ላይ የጉምሩክ ጸሐፊ ነበር። በ1970 ዓ.ም. ከተማዋ በሻዕቢያ ተከብባ፣ በታኅሣሥ የሳሊና ውጊያ ሲካሄድ፣ ከዚያም ከበባው ሲራዘም እናታችን ልጆቿን ሰብስባ በመርከብ ወደ አሰብ፣ ከአሰብ በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ወጣች። ከዚያ በኋላ ምጽዋ ለእኛ ቤት ውስጥ የሚወራ ነገር ሆና ቀረች። ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ከሃያ ዓመት በኋላ የመጀመሪያው የመንገደኞች አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አሥመራ ሲያርፍ ያለቀሱትን ሰዎች በቴሌቪዥን ያየ ሁሉ የቀረውን ይገምተዋል። በቀጣዩ ጥር ትኬት ገዝቼ ሄድሁ።

ጥርን የመረጥሁት በዕውቀት ነው። የምጽዋ ዓመታዊ አማካይ ሙቀት ሠላሳ ዲግሪ ገደማ ሲሆን ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ቀኑ አርባን ያልፋል፣ ሌሊቱም አያሳርፍም። ልጅ ሆነን በዚያ ወቅት ሰገነት ላይ እንተኛ ነበር፤ አሁን በዚህ ዕድሜዬ ሰገነት ላይ የሚያስተኛኝ የለም። ከኅዳር እስከ የካቲት ግን አየሩ የተመቸ ነው። አንድ ማስታወሻ ብቻ ልጨምር። የቀይ ባሕር ዳርቻና ወደ ደጋው የሚያወጣው ገደል ዝናብ የሚያገኘው እኛ በጋ በምንለው ወቅት ነው። ስለዚህ አሥመራ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ስታዩ መንገዱ ሁሉ እንዲያ ነው ብላችሁ አትነሡ፤ ነፋሲት ላይ ጉሙ የመኪናውን መብራት ሊያስበራ ይችላል። ሹራብና ስስ ሸሚዝ በአንድ ቦርሳ ያዙ።

መንገዱ ራሱ የጉዞው ግማሽ ነው። አሥመራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች፤ በ115 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያን ሁሉ ከፍታ ትወርዳላችሁ። ጆሮ ይደፈናል፣ ከዚያ ይከፈታል፣ እንደገና ይደፈናል። ነፋሲት ላይ ቀና ብትሉ ተራራው አናት ላይ ደብረ ቢዘን ገዳም አለ፤ ሴት አይገባበትም። ጊንዳዕ ላይ አየሩ ይለሰልሳል፣ ዶንጎሎን ካለፋችሁ በኋላ ደግሞ ምድሩ እየነጣ፣ ዛፉ እሾህ ብቻ እየሆነ ይሄዳል፤ ግመሎች ይጀምራሉ። ራስ አሉላ በ1879 ዓ.ም. የጣሊያንን ጦር የደመሰሱባት ዶጋሊ ከምጽዋ ብዙም አትርቅም። ከመንገዱ ጎን ጎን አንዴ በዋሻ፣ አንዴ በድልድይ የሚታየው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1911 አሥመራ የደረሰው ነው። ከባቡሩ በላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጣሊያኖች ከምጽዋ አሥመራ ድረስ በገመድ ላይ ዕቃ የሚያመላልስ መሥመር ዘርግተው ነበር፤ በኋላ እንግሊዞች ነቀሉት። በቀን ተጓዙ። በምሽት የሚወርድ ሰው ምን እንዳመለጠው አያውቅም።

የወረቀቱን ጉዳይ ባጭሩ ልናገር። የውጭ አገር ዜጋ ከአሥመራ ለመውጣት የጉዞ ፈቃድ ስለሚጠየቅ እሱን አሥመራ ላይ ሳታስጨርሱ ለምጽዋ ሆቴል አትያዙ። ወደ ዳህላክ ደሴቶች ለመሻገር ሌላ ፈቃድ አለው፣ የጀልባውም ዋጋ ኪስ ይጎዳል። ገንዘብ በጥሬው መያዝና ስትገቡ ማስመዝገብ ያስፈልጋል፤ የውጭ የባንክ ካርድ የሚቀበል ማሽን አላየሁም። ናቅፋ የምትመነዝሩት በሕጋዊው ቦታ ብቻ ይሁን፣ ደረሰኙንም እስክትወጡ አትጣሉ። በስልክ ኢንተርኔት አገኛለሁ ብላችሁ አትቁጠሩ፤ ካርታ፣ አድራሻና የቤተሰብ ፎቶግራፍ በወረቀት ታትሞ ይሂድ። ወደቡን፣ የባሕር ኃይሉን ቅጥርና ድልድዮቹን ፎቶ ለማንሳት አትሞክሩ። ለሌላው ሁሉ ጠይቆ ማንሳት ይበቃል።

አሁን ወደ ከተማዋ እንግባ።

ምጽዋን ከአርባ ዓመት በኋላ ለሚያያት ሰው አንድ ትልቅ ውለታ ትውልለታለች፤ መልክዓ ምድሯ አታሳስትም። ከዋናው ምድር ተነሥቶ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ባሕሩን የሚሻገር መንገድ ጥዋለት ደሴት ላይ ያደርሳል፤ ከጥዋለት ሌላ አጭር መንገድ ወደ አሮጌዋ ከተማ፣ ነዋሪው ባጽዕ ወደሚላት ደሴት ያሻግራል። የመንገድ ስም ተቀይሯል፣ የመሥሪያ ቤት ስም ተቀይሯል፣ ቀበሌ የምንለውም ነገር የለም። ሁለቱ ደሴቶችና ሁለቱ መሻገሪያዎች ግን ያው ናቸው። ስለዚህ ሰፈራችሁን ስትፈልጉ «ከመሻገሪያው በስተግራ፣ ባሕሩ ከኋላ» እያላችሁ ፈልጉ። እኔ ሰፈሬን ያገኘሁት በዚህ መንገድ ነው። ሰው ብጠይቅ ኖሮ የማላውቀውን ስም ሰምቼ እዞር ነበር።

ጥዋለት ላይ ዓይን የሚይዘው ቤተ መንግሥቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ግብፆች ምጽዋን ሲገዙ ገዥያቸው ለነበረው ስዊዘርላንዳዊ ለሙንዚንገር የተሠራ ሲሆን በኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ ባሕር ሲወርዱ የሚያርፉበት ሆነ። ታላቅ እህቴ የባሕር ኃይል ቀን ሲከበር የውጭ አገር የጦር መርከቦች በመብራት አሸብርቀው ያየችውን እስከ ዛሬ ታወራለች፤ እኔ ጭስና ጡሩንባ ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ። ሕንፃው አሁን ጉልላቱ ተበስቶ፣ ደረጃው ተሰንጥቆ ቆሟል። ከዚያው አጠገብ ያለው አደባባይ ላይ ሦስት ታንኮች ሐውልት ሆነው ተቀምጠዋል። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከተማዋን ሻዕቢያ የያዘበት የፈንቅል ዘመቻ መታሰቢያ ናቸው። ጥዋለት የደርግ ወታደሮች ለመጨረሻ ጊዜ የተከላከሉባት ደሴት እንደሆነች የእኛ አገር አንባቢ ያውቃል። እዚያ የወደቀ ዘመድ ያለው ሰው ከአደባባዩ ፊት ለፊት ሲቆም ምን ሊሰማው እንደሚችል አስቡት፤ ነገር ግን ታንኮቹ ያንዱ ወገን ሐዘን፣ የሌላው ወገን ድል ናቸው፣ እናንተ ደግሞ እንግዳ ናችሁ። እዚያ ቦታ ዝም ብሎ ማለፍ ያስከብራል።

ባጽዕ ግን የልብ ቦታ ናት። የአሮጌዋ ከተማ ቤቶች የተገነቡት ከባሕር በወጣ የዛጎል ድንጋይና በኖራ ነው። ከፎቁ ወደ መንገዱ ወጣ ያሉት በእንጨት ፍልፍል የተሠሩት መስኮቶች ሴቶች ሳይታዩ እንዲያዩ፣ ነፋስም እንዲገባ ተብለው የተሠሩ ናቸው። ኦቶማኖች እ.ኤ.አ. በ1557 ከያዟት ጊዜ ጀምሮ የገባው ሁሉ አንድ ነገር ጥሎባታል። ግብፆች፣ ከዚያ በ1877 ዓ.ም. ጣሊያኖች መጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1921 የመሬት መንቀጥቀጥ አብዛኛውን አፈረሰ፣ ጣሊያኖች ደግሞ በቅስትና በበረንዳ መልሰው ሠሩ። የሼክ ሐናፊ መስጊድ አሁንም ሰው ይሰግድበታል። የተሸፈነው ገበያ ውስጥ ጥላው እንዳለ ነው፤ ገበያው ግን ሳስቷል።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ልግጠም። ወደ ምጽዋ የሚሄድ እንግዳ ሁሉ፣ ፈረንጁም እኛም፣ «ጊዜ ያልነካት ከተማ» እያለ ይመለሳል። እኔም ውበቷን አልክድም፤ ረጃጅም የመስታወት ሕንፃ የለባትም፣ ማስታወቂያ አይጮህባትም፣ ምሽት ላይ ሰው በበሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል፣ ልጆች ወደቡ ዳር ይዋኛሉ። ነገር ግን ጊዜ በጣም ነክቷታል። የ1982ቱ ውጊያና ከዚያ በኋላ የእኛ አውሮፕላኖች የጣሉት ቦምብ የነካው እዚያው ፊታችሁ አለ፤ የድሮው የጣሊያን ባንክ ፊቱ ብቻ ቆሞ ከኋላው ሰማይ ይታያል። ቀሪውን ያፈረሰው ደግሞ ጨው ነው። የዛጎል ድንጋይ እርጥበት ይጠጣል፣ ከእርጥበቱ ጋር ጨው ይገባል፣ ውሃው ሲደርቅ ጨው ድንጋዩ ውስጥ እየጠጠረ ፊቱን ይገፈትረዋል። ድሮ ሰዉ በየጊዜው ኖራ ይቀባ ስለነበር ጨው የሚበላው ኖራውን ነበር። ሰው ሲወጣ ኖራ የሚቀባ ጠፋ፣ ጣሪያው ተከፈተ፣ የእንጨት ተሸካሚዎቹ በሰበሱ፣ ግድግዳው ወደ ውስጥ ወደቀ። በሲሚንቶ የጠገኑትም ቢሆን እርጥበቱን ውስጥ አፍነው ባሱት። ይህን ያስረዳኝ ባጽዕ ውስጥ ያገኘሁት አንድ አዛውንት ግንበኛ ነው፤ በጣቱ ግድግዳውን ፋቅ አድርጎ ዱቄቱን አሳየኝ።

እንግዲህ «እንዴት ደስ ይላል፣ ምንም አልተለወጠም» ብላችሁ ለምጽዋ ሰው ከመናገራችሁ በፊት አስቡ። አልተለወጠም ማለት አልተጠገነም ማለት ነው፤ ሥራ አልመጣም፣ ልጁ ተሰድዷል ማለት ነው። ለእኛ ትዝታ ሆኖ የቀረው ለእነሱ የየዕለት ኑሮ ነው። ከዚህ ጋር «የእኛ ወደብ» የሚለውን አነጋገር አዲስ አበባ ትታችሁት ሂዱ። አፍ ላይ ቀላል ነው፣ እዚያ ግን ጆሮ ይቆርጣል።

ስለ ቋንቋ አትጨነቁ። በምጽዋ የሚሰማው ትግረ፣ ዓረብኛና ትግርኛ ነው፤ ሆኖም ዕድሜው የገፋ ሰው አማርኛ ያውቃል፣ አንዳንዱም ከእናንተ የተሻለ። ሁለተኛው ቀን ላይ ጥዋለት ውስጥ አንዲት ሻይ ቤት ገብቼ በተሰባበረ ትግርኛ ሻይ ሳዝዝ፣ ባለቤቷ ጥቂት አየችኝና «ከአዲስ አበባ ነው የመጡት?» አለች። አማርኛዋ የፒያሳ ነበር። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትርቅም። ዶሮ ማነቂያ ተወልዳ ያደገች፣ እዚያው አግብታ የወለደች ሴት ናት። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ ከባሏ ጋር በአውቶቡስ ተጭና ከተባረሩት አንዷ ነች። ምጽዋን ከዚያ በፊት አይታት አታውቅም ነበር።

«ዶሮ ማነቂያ አለች?» አለችኝ።

«አለች» አልኋት።

«ያ ሥጋ ቤቶቹ ያሉበት መታጠፊያስ?»

«እሱም አለ።»

«ሰዎቹስ?»

ይህን መመለስ አልቻልሁም፤ የማውቀው ሰው አልነበረም። እኔ የልጅነቴን ምጽዋ ልፈልግ ሄጄ እሷ የልጅነቷን አዲስ አበባ ከእኔ ፈለገች፤ ባዶ እጄን ነበርሁ። ስለዚህ ለምትሄዱት በብርቱ የምመክረው ይህን ነው። የራሳችሁን አሮጌ ፎቶግራፍ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። የፒያሳን፣ የካዛንቺስን፣ የመርካቶን፣ የደሴን፣ የናዝሬትን ፎቶ አትሙና ያዙ። በኤርትራ ከተሞች ሁሉ እንዲህ ዓይነት ሰው ታገኛላችሁ፤ ከምትወስዱት ቡናና በርበሬ ይልቅ ፎቶው ይበልጥባቸዋል። የእሷ ሰፈር በ2016 ዓ.ም. ለልማት ተብሎ ፈረሰ። እኔ «አለች» እንዳልኋት ነው የምታውቀው።

ሰፈሩን ካገኘሁ በኋላ ቤቱን ለይቼ እንዳውቅ የረዳችኝ እሷ ናት። ደርሼ በሩን ልመታ ስል ያዝ አደረገችኝ። «ወንድሜ፣ እርስዎ ሩቅ ይቁሙ፤ እኔ ቀድሜ ልናገር» አለችና ምክንያቱን ነገረችኝ። በጦርነቱ ዘመን በሁለቱም አገር ሰው ከቤቱ ተባርሯል፣ ንብረት ተወርሷል። አሁን በዚያ ቤት የሚኖር ሰው አንድ የማያውቀው እንግዳ መጥቶ «ይህ ቤታችን ነበር» ሲለው የሚሰማው ናፍቆት ሳይሆን ክስ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚነገረው «ለማየት ብቻ ነው የመጣሁት፣ የምጠይቀው የለም» የሚል ይሁን። እናንተ ራሳችሁ ከምትናገሩት ሰፈርተኛ ቢናገርላችሁ ይሻላል። በረንዳው ላይ ከመቆም አልፋችሁ ግቡ እስኪሏችሁ አትግቡ፣ «እዚህ ጋ እኮ አልጋችን ነበር» እያላችሁ በሰው መኝታ ቤት ውስጥ ጣት አትቀስሩ።

እኔን አስገቡኝ። በረንዳው በብሎኬት ተዘግቶ ክፍል ሆኗል። ግቢው ውስጥ የነበረው የኒም ዛፍ የለም። ወለሉ ግን ያው የጣሊያን ባለ ቀለም ንጣፍ ነው፣ በእግሬ አወቅሁት። የቤቱ እመቤት «ወደይ (ልጄ)፣ ተቀመጥ» ብላ ውሃ ሰጠችኝ፤ ስለ አባቴ ጠየቀችኝ፤ እኔም ስለ ልጆቿ ጠየቅሁ። ቤቱን የማየቱ ነገር በዚያ አለቀ፣ ጨዋታው ግን እስከ ምሳ ቆየ። እንዲህ ሲሆን ባዶ እጅ መሄድ ደግ አይደለም፤ ስኳርና ቡና ይዤ ነበር፣ ገንዘብ መስጠት ግን ቅር ያሰኛል ብላ የሻይ ቤቷ ሴትዮ ከልክላኛለች።

ባሕሩን ለብቻው ቀን ስጡት። ጉርጉሱም ከከተማው በስተሰሜን ያለ አሸዋማ ዳርቻ ነው፤ ውሃው ብዙ ርቀት ድረስ ጉልበት ላይ ስለሚቀር ልጅ ያለው ሰው አይሰጋም። የሼክ ሰዒድ ደሴት በጀልባ ቅርብ ነው፤ ጥላ ስለሌለው ግን ውሃና ባርኔጣ ሳትይዙ እንዳትሄዱ። ማታ የምትበሉት ዓሣ ነው፤ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ፣ በጉድጓድ ምድጃ ግድግዳ ላይ ተጋግሮ ከትኩስ ቂጣ ጋር ይቀርባል። የየመን ሰዎች ያመጡት አሠራር ነው። ልጅ ሆኜ ከበላሁት ይጣፍጣል ወይስ ያንሳል ብዬ አላነጻጸርሁም፤ ርቦኝ ነበር።

ይህን የምጽፈው በረራው ቆሞ ባለበት ጊዜ ነው። የአየር መንገዳችን የአሥመራ በረራ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ተቋርጧል፣ በየብስ ያለው ድንበርም ለመንገደኛ አይሆንም። በውጭ አገር የምትኖሩና ሌላ ፓስፖርት ያላችሁ በሦስተኛ አገር በኩል ልትሄዱ ትችላላችሁ፤ አዲስ አበባ ያለን ግን እንጠብቃለን። ጥበቃውን በከንቱ አታሳልፉት። ምጽዋን የሚያውቁ ወላጆቻችን እያለቁ ነው። አባቴ ከተመለስሁ በኋላ ብዙም አልቆየም፤ ያመጣሁለትን ፎቶ እያየ የነገረኝን ያህል ቀድሞ ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ የትኛው በር ጋ እንደምቆም አውቅ ነበር። በሕይወት ያሉትን አሁን አስቀምጣችሁ ጠይቁ። ወረቀት ስጧቸውና ሰፈሩን ይሣሉ፤ ሥዕሉ ቢያስቅም ግድ የለም፣ ባሕሩ በየት በኩል እንደነበር ብቻ ይግባባ። ውሃ ከየት ይቀዳ እንደነበር፣ የማዕዘኑ ሱቅ የማን እንደነበረ፣ ማን ክርስትና እንዳነሣችሁ፣ ስትወጡ ቁልፉን ለማን እንደሰጡ ጠይቁ። ስም ሲነግሯችሁ የአባቱንና የአያቱን ጨምሩ በሏቸው፤ ምጽዋ ውስጥ «መሐመድን እፈልጋለሁ» ብላችሁ ብትጠይቁ ግማሽ ከተማ ዞሮ ያያችኋል።